ትምህርት ሰባት፦ ጊዜን በግሥ መግለጽ

ሀ. መግቢያ

ማንኛውም ሰው ስለ አንድ ድርጊት ሲናገር ወይም ሲጽፍ፥ ድርጊቱ መቼ እንደ ተፈጸመ ለሚሰማው ወይም ለሚያነበው ማሳወቅ ይኖርበታል። ድርጊቱ አልፏልን? በመፈጸም ላይ ነውን? ወይስ ገና ወደ ፊት የሚፈጸም ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች ከሁሉ አስቀድሞ መልስ የሚሰጠው ግሥ ነው። በአማርኛ ግሥ ድርጊቱን፥ የድርጊቱን ባለቤትና የተፈጸመበትን ጊዜ በአንድ ቃል አጠቃሎ ይይዛል። «ተከለች» የሚለውን ቃል ብቻ ብንሰማ፥ የተፈጸመው ድርጊት መትከል መሆኑን፥ የፈጸመችው አንዲት ሴት መሆኗን፥ ድርጊቱም ያለፈ መሆኑን ወዲያውኑ እንረዳለን።

በዚህ ትምህርት የግሥን ጊዜያት ከነአገልግሎታቸው እንመለከታለን። በእንግሊዝኛ ትምህርታችሁ ከምታውቋቸው ጊዜያት ጋርም እናነጻጽራቸዋለን። ምሳሌዎቻችንን በብዛት የምንወስደው ከጫኖ ነው። ጫኖ ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተ ሰሜን፥ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ በአባያ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳር በተዘረጋው ሜዳ ይገኛል። ጫኖ ሚሌ፥ ጫኖ ዶርጋና ጫኖ ጫልባ የተባሉት ቀበሌዎች በዚሁ ሜዳ ላይ ናቸው። ከጋሞ ደጋ የሚወርደው የሐሬ ወንዝ በቦይ እየተጠለፈ ማሳዎቹን ያጠጣል፤ ገበሬዎቹም በመስኖው ሙዝና ሌላ ፍራፍሬ ያለማሉ።

ለ. ምንባብ

ከዚህ በታች ያለው ምንባብ ለዚህ ትምህርት የተዘጋጀ ነው። በጥሞና አንብቡት፤ ግሦቹንም አንድ በአንድ ልብ በሉ።

የውኃ ተራ

በሜዳው ላይ ውኃ በተራ ይሄዳል። እያንዳንዱ ገበሬ የራሱን ቀን ያውቃል። ተራው ሲደርስ ቦዩን ይከፍታል፤ ጊዜው ሲያልቅ ይዘጋል።

ትናንት አንዲት እናት ሙዟን አጠጣች። ከእርሷ በፊት ጎረቤቷ አጠጥቶ ነበር። ዛሬ የሁለቱም ማሳ ረጥቧል። ነገ ደግሞ ውኃው ወደ ታችኛው ማሳ ይሄዳል።

የታችኛው ማሳ ባለቤት ግን ለለቅሶ ወደ ሌላ መንደር ሄዶ ነበር። ከዚያ ሆኖ ልጁን በስልክ «የውኃው ነገር እንዴት ነው?» ሲል ጠየቀው። ልጁም «ውኃው ይመጣል» ብሎ መለሰለት። አባትየው ውኃው እንደ ወትሮው በሳምንቱ መጨረሻ የሚመጣ መሰለው፤ ስለዚህ እዚያው አደረ። በማግሥቱ ውኃው መጣ። አባት አልተመለሰም፤ ልጁም በትምህርት ቤት ነበረ። ቦዩን የሚከፍት ሰው አልነበረም፤ ተራውም አለፈ።

የመረዳት ጥያቄ፦ ልጁ ዋሽቷልን? አባትየውስ በደንብ አልሰማምን? መልሳችሁን ከመስጠታችሁ በፊት የሚከተለውን ማብራሪያ አንብቡ።

ሐ. የግሥ ጊዜያት

1. ኃላፊ ጊዜ። «አጠጣች»፥ «ጠየቀው»፥ «መጣ»፥ «አለፈ» የሚሉት ግሦች ድርጊቱ ተፈጽሞ ያበቃ መሆኑን ያመለክታሉ። ታሪክ፥ ዜናና ትረካ በአብዛኛው የሚጻፉት በዚህ ጊዜ ነው። የቀድሞ የሰዋስው መምህራን ይህን ቅርጽ ቀዳማይ አንቀጽ ይሉታል።

2. የቅርብ ኃላፊ። «የሁለቱም ማሳ ረጥቧል» ስንል፥ ድርጊቱ ቢያልፍም ውጤቱ አሁን ይታያል ማለታችን ነው። ወደ ማሳው ሄዶ አፈሩን የነካ ሰው እርጥበቱን ያገኘዋል። «ማሳው ረጠበ» ስንል ግን የምንናገረው ስለ ድርጊቱ ብቻ ነው፤ ማሳው ከዚያ በኋላ ደርቆ ሊሆን ይችላል።

3. የሩቅ ኃላፊ። «ጎረቤቷ አጠጥቶ ነበር» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከሌላ ያለፈ ድርጊት በፊት የተፈጸመ ድርጊትን ይገልጻል። ሁለት ያለፉ ድርጊቶች ሲገናኙ የትኛው እንደሚቀድም የምንለየው በዚህ ነው። «ሩቅ» የሚለው ቃል ግን አያሳስታችሁ፤ ጎረቤቷ ያጠጣው ከአንድ ሰዓት በፊት ቢሆንም እንኳ ይኸው ቅርጽ ያገለግላል።

4. የአሁንና የትንቢት ጊዜ። «ውኃ በተራ ይሄዳል» እና «ነገ ውኃው ወደ ታችኛው ማሳ ይሄዳል» የሚሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አወዳድሩ። ግሡ አንድ ነው፤ ጊዜው ግን ልዩ ልዩ ነው። የመጀመሪያው የዘወትር ልማድን ሲነግረን፥ ሁለተኛው ወደ ፊት የሚሆነውን ይነግረናል። የቀድሞ መምህራን ካልዓይ አንቀጽ ወይም ትንቢት የሚሉት ይህንኑ ነው። ሁለቱን የሚለይልን ግሡ ሳይሆን «ነገ» የሚለው ተውሳከ ግሥ ነው።

5. የዘወትር ኃላፊ። ድርጊቱ በቀድሞ ጊዜ ይደጋገም እንደ ነበረ ስንገልጽ «ታጠጣ ነበር»፥ «ይመጣ ነበር» እንላለን። «አጠጣች» አንድን ጊዜ ሲያመለክት፥ «ታጠጣ ነበር» ብዙ ጊዜን ወይም ሲቀጥል የቆየን ድርጊት ያመለክታል።

6. በመፈጸም ላይ ያለ ድርጊት። አንድ ድርጊት ተጀምሮ ገና እንዳላለቀ ለመግለጽ «እያጠጣች ነው» እንላለን። እዚህ ላይ የጊዜውን ድርሻ የሚይዘው «ነው» የሚለው ማሠሪያ ነው፤ በ«ነበር» ብንተካው ድርጊቱ ወደ ኃላፊ ይሸጋገራል።

እንግዲህ ወደ ምንባቡ እንመለስ። ልጁ አልዋሸም፤ አባትየውም አልተሳሳተም ማለት ይቻላል። «ውኃው ይመጣል» የሚለው ዓረፍተ ነገር በራሱ ሁለት ጊዜያትን ይይዛልና ልጁ ትንቢትን፥ አባት ልማድን አሰቡ። ልጁ «ነገ» የሚለውን አንድ ቃል ቢጨምር ኖሮ ተራው ባላለፈ ነበር።

መ. የጊዜ ተውሳከ ግሦች

ከላይ እንዳየነው፥ ግሡ ብቻውን በማይበቃበት ቦታ ተውሳከ ግሥ ያግዘዋል። አማርኛ በዚህ ረገድ ሀብታም ቋንቋ ነው። ስለ ቀናት ስንናገር «ከትናንት ወዲያ»፥ «ትናንት»፥ «ዛሬ»፥ «ነገ»፥ «ከነገ ወዲያ» እንላለን። ስለ ዓመታትም «ካቻምና»፥ «አምና»፥ «ዘንድሮ»፥ «ለከርሞ» የሚሉ ቃላት አሉን። እንግሊዝኛ «አምና» ለማለት ሁለት ቃላት ያስፈልጉታል፤ አማርኛ ግን በአንድ ቃል ይጨርሰዋል። ከአንድ ቀን ውስጥም «ቅድም»፥ «አሁን» እና «ኋላ» እያልን እንለያለን።

ተውሳከ ግሡና ግሡ መስማማት አለባቸው። «አምና ሙዝ እተክላለሁ» ማለት ስሕተት ነው። «ለከርሞ ሙዝ ተከልሁ» ማለትም እንዲሁ ነው።

ሠ. ከእንግሊዝኛ ጋር ማነጻጸር

እንግሊዝኛ ሦስት ቀላል ጊዜያት አሉት፤ እነርሱም የአሁን፥ የኃላፊና የወደ ፊት ናቸው። «ሺ ዎተርስ» ሲባል ዘወትር ታጠጣለች፥ «ሺ ዎተርድ» ሲባል አጠጣች፥ «ሺ ዊል ዎተር» ሲባል ደግሞ ወደ ፊት ታጠጣለች ማለት ነው። ስለዚህ የእኛ «ታጠጣለች» ለእንግሊዝኛው የመጀመሪያና የሦስተኛ ጊዜያት በአንድነት ያገለግላል። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስትጽፉ፥ «ይህ ልማድ ነው ወይስ ትንቢት?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ልማድ ከሆነ «ዊል» አይገባም፤ ትንቢት ከሆነ ግን ያስፈልጋል።

ሌላም ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። «ራበኝ»፥ «ጠማኝ»፥ «ደከመኝ»፥ «ገባኝ» የሚሉት ግሦች ቅርጻቸው ኃላፊ ነው፤ ትርጉማቸው ግን የአሁን ነው። የራበው ልጅ «ራበኝ» ሲል አሁንም እንደ ራበው ነው። በእንግሊዝኛ ይህ ስሜት በአሁን ጊዜ፥ «አይ አም ሀንግሪ» ተብሎ ይነገራል። ቅርጹን ብቻ አይቶ «አይ ወዝ ሀንግሪ» ብሎ የጻፈ ተማሪ፥ ረኃቡ ያለፈ መሆኑን ተናገረ ማለት ነው፤ እንግዲህ ምሳ የሚያቀርብለት አይኖርም።

እንደዚሁም እናት ልጇን ስትጠራው ልጁ ከተቀመጠበት ሳይነሣ «መጣሁ!» ይላል። ድርጊቱ ገና ሳይጀመር በኃላፊ የተነገረው፥ መምጣቱ የማይቀር መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። በእንግሊዝኛ ግን እንዲህ ያለው መልስ በኃላፊ ጊዜ አይነገርም።

ምሳሌያዊ አነጋገርም ከጊዜ በላይ ይቆማል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስንል ስለ አንድ የታወቀ እንቁላል ትንቢት አንናገርም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ስንልም ትናንት የተመነጠረ አንድ ሰው አለ ማለታችን አይደለም። የመጀመሪያው በካልዓይ፥ ሁለተኛው በቀዳማይ ቢነገርም ሁለቱም ለሁልጊዜ የሚሆን ምክር ናቸው።

ስለ ሰዓትና ስለ ዘመን አቆጣጠርም ማስታወስ ይገባል። በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 2 ሰዓት በእንግሊዝኛ 8 ሰዓት ይባላል። የዓመት ቁጥርም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ በ7፥ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በ8 ይለያያል። መስከረም 2011 ዓ.ም. በአውሮፓውያን ዘመን ሴፕቴምበር 2018 ሲሆን፥ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ኦገስት 2023 ነው። ግሡን አስተካክሎ ቁጥሩን የዘነጋ ጸሐፊ አንባቢውን ያሳስታል።

ረ. ጊዜን አለመለየት የሚያስከትለው ጉዳት

ጫኖን የመሰሉ ቆላማ ቦታዎች የወባ በሽታ የሚገኝባቸው ናቸው። ብዙ ጊዜ ለወባ የሚሰጠው ኪኒን በቀን ሁለት ጊዜ፥ ለሦስት ቀናት ይወሰዳል። በመጀመሪያው ቀን ትኩሳቱ የበረደለት በሽተኛ «መድኃኒቱን ወሰድህን?» ተብሎ ቢጠየቅ ምን ይመልሳል?

«ወሰድሁ» ቢል ጨርሷል የሚል ትርጉም ሊሰጥ ይችላል።
«እየወሰድሁ ነው» ቢል ጀምሯል፤ ገና ይቀረዋል።
«ወስጄ ነበር» ቢል ጀምሮ እንደ ተወው ያስጠረጥራል።
«እወስዳለሁ» ቢል ይወስድ እንደ ሆነ ወይም ሊወስድ እንዳሰበ አይለይም።

የጤና ባለሙያው የሚወስነው በዚህ መልስ ተመርኩዞ ነው። ኪኒኑን ያልጨረሰ ሰው በሽታው ሊያገረሽበት ይችላል። ስለዚህ የበሽተኛውን ቃል ለባለሙያው የምታደርስ ልጅ፥ ግሡን በትክክል ብታደርስ ለቤተሰቧ ታላቅ አገልግሎት ትሰጣለች።

ሰ. ማጥበቅና ማላላት

የሚከተለውን አጭር መልእክት ተመልከቱ፦ «አልመጣም»። ይህ መልእክት በጽሑፍ ቢደርሳችሁ ምን ትረዳላችሁ?

«ጣ» ጠብቆ ሲነበብ፥ እርሱ ትናንት ወይም ቅድም ሳይመጣ ቀረ ማለት ነው። «ጣ» ላልቶ ሲነበብ ግን እኔ ወደ ፊት አልመጣም፥ መምጣት አልፈቅድም ማለት ነው። ባለቤቱም ጊዜውም ተለወጠ፤ በፊደላችን ግን ማጥበቅና ማላላት ስለማይታይ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሆነው ይጻፋሉ። የዚህ መፍትሔ ባለቤቱንና ጊዜውን መጨመር ነው፤ ይኸውም «እርሱ ትናንት አልመጣም» ወይም «እኔ ነገ አልመጣም» ብሎ መጻፍ ነው። በእጅ ስልክ አጫጭር መልእክት የሚለዋወጥ ሰው ይህን ማስታወስ አለበት።

ሸ. «ነው» እና «ነበር»

አንድ ዓረፍተ ነገር በተጻፈበት ቀን እውነት ሆኖ ከዚያ በኋላ ሊያረጅ ይችላል። የአካባቢውን ታሪክ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የገሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጨንቻ ነበረች፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ዋና ከተማነቱ ወደ አርባ ምንጭ ተዛወረ። በ2011 ዓ.ም. የጋሞ ጎፋ ዞን ለሁለት ተከፍሎ የጋሞ ዞንና የጎፋ ዞን ተመሠረቱ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም የጋሞ ዞን በዚሁ ክልል ሥር ሆነ።

እንግዲህ «ጫኖ የሚገኘው በጋሞ ጎፋ ዞን ነው» የሚል መጽሐፍ ብታገኙ፥ ጸሐፊው የጻፈው በዘመኑ እውነት የነበረውን ነው። ዛሬ ይህንኑ ስትጽፉ ግን «በጋሞ ጎፋ ዞን ይገኝ ነበር» ማለት ይገባችኋል። ከአሮጌ መጽሐፍ «ነው» የሚለውን እንዳለ የሚገለብጥ ተማሪ፥ የሌላ ዘመን ሰው ሆኖ ይናገራል። አንድን ነገር ከመጽሐፍ ስትወስዱ በመጀመሪያ መጽሐፉ የታተመበትን ዓመት ተመልከቱ፤ ቀጥሎም «ነው» ወይስ «ነበር» የሚለውን ወስኑ።

ቀ. ድርጊትና ሥርዓት

በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በተነሣ ግፍ ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ከተጎዱት መካከል የጋሞ ተወላጆች ይገኙባቸው ነበር። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች ተቆጥተው አደባባይ ወጡ፤ ለበቀልም ተነሡ። የጋሞ አዛውንት ግን እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ፤ እንዲመለሱም ለመኑአቸው። ወጣቶቹም ሰሙ፤ ተመለሱ።

በዚህ አንቀጽ «ተገደሉ»፥ «ወጡ»፥ «ተንበረከኩ»፥ «ተመለሱ» የሚሉት ግሦች ሁሉ ኃላፊ ናቸው፤ በተወሰነ ጊዜ የሆነውን ይመሰክራሉ። «ይዘው» የሚለው ቦዝ አንቀጽ ግን የራሱ ጊዜ የለውም፤ ጊዜውን ከማሠሪያው ከ«ተንበረከኩ» ይዋሳል።

አሁን ደግሞ ይህን አንብቡ፦ «በጋሞ ሥርዓት አዛውንት እርጥብ ሣር ይዘው ሲንበረከኩ ማንም አልፏቸው አይሄድም።» ይህ ዓረፍተ ነገር ስለ አንድ ቀን አይናገርም፤ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈን ሥርዓት ይናገራል። ስለዚህ በካልዓይ ተነገረ።

በሁለቱ መካከል ያለውን ግንኙነት አስተውሉ። «ማንም አያልፍም» የሚለው ሥርዓት ሕይወት የሚኖረው፥ በፈተና ቀን «ማንም አላለፈም» ለማለት ሲቻል ነው። ወጣቶቹ በዚያን ቀን ሽማግሎቹን ረግጠው አልፈው ቢሆን ኖሮ፥ «አያልፍም» የሚለው ቃል «አያልፍም ነበር» ተብሎ ይለወጥ ነበር። ሥርዓቱም ወደ ታሪክ ይገባ ነበር። እነርሱ በመመለሳቸው ግን ግሡ በካልዓይ እንደ ጸና ቀረ። «ልጆቻቸውም ይህን ይጠብቁታል» ብንል ደግሞ ትንቢት ይሆናል፤ ለዚህ ገና ምስክር የለም፤ ምስክሩን የሚሰጡት የዛሬ ልጆች ናቸው።

በ. በድርሰት ውስጥ ጊዜን መጠበቅ

ድርሰት ስትጽፉ በአንድ ጊዜ ከጀመራችሁ ያለ ምክንያት ወደ ሌላ ጊዜ አትዝለሉ። የሚከተለው አንቀጽ ይህን ሕግ የጣሰ ነው፦

«ባለፈው ቅዳሜ ከጫኖ ወደ አርባ ምንጭ ገበያ ሄድሁ። እናቴ ሙዝ ትሸጣለች። እኔ ገንዘቡን ቆጠርሁ። ከዚያ ዝናብ ይመጣል፤ እኛም ወደ ቤት እንመለሳለን።»

ሲታረም እንዲህ ይሆናል፦

«ባለፈው ቅዳሜ ከጫኖ ወደ አርባ ምንጭ ገበያ ሄድሁ። እናቴ ሙዝ ትሸጥ ነበር። እኔ ገንዘቡን ቆጠርሁ። ከዚያ ዝናብ መጣ፤ እኛም ወደ ቤት ተመለስን።»

ነገር ግን ጸሐፊው «እናቴ ሙዝ ትሸጣለች» ያለው የእናቱን መተዳደሪያ ለመግለጽ ከሆነ፥ ግሡ ትክክል ነው። እንዲህ ከሆነ «እናቴ የምትተዳደረው ሙዝ በመሸጥ ነው» ብሎ ቢያብራራው አንባቢው አይሳሳትም። ስለዚህ የጊዜ ለውጥ ሁሉ ስሕተት አይደለም፤ ስሕተት የሚሆነው ምክንያቱ ለአንባቢ ሳይገለጥ ሲቀር ነው።

ተ. ማጠቃለያ

ግሥ የድርጊትን ጊዜ ይወስናል። ኃላፊ የሆነውን፥ የቅርብ ኃላፊ የሆነውንና ውጤቱ ያለውን፥ የሩቅ ኃላፊ ቀድሞ የሆነውን፥ ካልዓይ ዘወትር የሚሆነውን ወይም ወደ ፊት የሚሆነውን ይገልጻል። ካልዓይ ሁለት ጊዜያትን ስለሚይዝ ተውሳከ ግሥ ይፈልጋል። ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሱ ቅርጹን ሳይሆን ትርጉሙን ተከተሉ።

ቸ. መልመጃ

መልመጃ 1። የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች አንብባችሁ የእያንዳንዱን ግሥ ጊዜ ንገሩ።

1. የሐሬ ወንዝ ከደጋው ወደ አባያ ሐይቅ ይወርዳል።
2. አምና ጎርፍ ቦዩን ሰበረው፤ ዘንድሮ ግን ተጠግኗል።
3. ጭነት መኪናው ሲደርስ ገበሬዎቹ ሙዙን ቆርጠው ነበር።
4. አያቴ በልጅነታቸው በዚህ ሜዳ ጥጥ ይለቅሙ ነበር።
5. ደከመኝ፤ ትንሽ ልረፍ።

መልመጃ 2። የሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች ሁለት ትርጉም አላቸው። ተስማሚ ተውሳከ ግሥ ወይም ባለቤት ጨምራችሁ፥ እያንዳንዱን በሁለት ግልጽ ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ።

1. ነጋዴው ሙዝ ይገዛል።
2. አልሄድም።
3. ሽማግሎቹ ይሰበሰባሉ።

መልመጃ 3። በመልመጃ 2 ከጻፋችኋቸው ዓረፍተ ነገሮች መካከል «ዊል» የሚገባባቸውንና የማይገባባቸውን ለዩ፤ ምክንያቱንም ግለጹ።

መልመጃ 4። ከቤተሰባችሁ ወይም ከጎረቤቶቻችሁ መካከል አንድ አዛውንት ጠይቁ። ድሮ በአካባቢያችሁ ይደረግ የነበረ፥ ዛሬም የሚደረግ፥ ወይም ዛሬ የቀረ አንድ ሥርዓት ይንገሯችሁ። የሰማችሁትን በሦስት አንቀጾች ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ሥርዓቱ ቀድሞ እንዴት ይፈጸም እንደ ነበረ፥ በሁለተኛው ዛሬ ምን እንደሚመስል፥ በሦስተኛው ለከርሞና ከዚያም በኋላ ምን ይሆን ይሆናል ብላችሁ እንደምታስቡ ግለጹ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ግሦቻችሁን ብቻ ነጥላችሁ እንደ ገና አንብቡ፤ «ይደረጋል» ያላችሁት በእርግጥ ዛሬም የሚደረግ መሆኑን ከነገሯችሁ ሰው ጋር አረጋግጡ።